አዲስ ፒካፕ እርሻ ውስጥ፦ ከደረቁ ሜዳ እስከ ክረምቱ ዋልካ

ፒካፑን የገዛነው ግንቦት ላይ ነው። መሬቱ ደርቆ ነበር። አቧራ እንጂ ጭቃ የሚባል ነገር የለም። ለሦስት ሳምንት ጎበዝ ሹፌር ሆኜ ሰነበትኩ። ሰኔ ገባ። ሁለተኛው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከቤታችን 40 ሜትር በማይርቅ የራሳችን ማሳ ጠርዝ ላይ እስከ አክሰሉ ተቀበርኩ። ያወጡኝ የጎረቤት በሬዎች ናቸው። ሁለት ጥማድ በሬ፣ የሚገፋ ሰው ሳይቆጠር። የበሬዎቹ ባለቤት ሰንሰለቱን እየፈቱ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኛ ድሮም ፎር ዊል አለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይስቃሉ።

ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም። ሳልለምዳት ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አስፋልት ላይ ለዓመታት ነድቻለሁ፣ ምን ይቸግረኛል ብዬ።

ይህ መመሪያ እንደ እኔ ከተማ ነድቶ እርሻ ውስጥ ፒካፕ ለሚይዝ ሰው ነው። የማወራው በእጅ ማርሽ ስለምትነዳ፣ ባለ ናፍጣ፣ ዳብል ጋቢና ፎር ዊል ፒካፕ ነው። በእኛ አካባቢ «ዲፎርዲ» ስንል የምናስባት የቶዮታ ፒካፕ ዓይነት ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ በአደአና በሞጆ በኩል እንዳለው ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ስለዚህ ችግሩ የኔ ብቻ አይመስለኝም።

ሞተሩን ሳታስነሱ

መጀመሪያ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ወንበሩን አስተካክሉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። እርሻ ላይ መኪና ይዘላል፣ ይወዛወዛል። እግራችሁ ተወጥሮ ፔዳል የሚነካ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። ቀበቶ እሰሩ። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው» የሚባል ነገር አይሠራም። ጣሪያ ላይ ጭንቅላት የሚመታው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ስፖኪዮዎቹን ከአስፋልቱ ዝቅ አድርጉ። የኋላ ጎማችሁ መሬት የሚነካበትን ቦታ ማየት ትፈልጋላችሁ። ወደ መንገድ ስትወጡ ግን መልሷቸው።

አሁን ውረዱና ተንበርክካችሁ ከሥር እዩ። የኋላ አክሰሉ መሃል ላይ ያለችው ክብ እብጠት ዲፈረንሻሏ ናት። ከመሬት በጣም ቅርብ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ናት። ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ከተማ ውስጥ ድንጋይ ሲገጥመን በሁለቱ ጎማ መሃል እናሳልፈዋለን። እርሻ ላይ ትልቅ ድንጋይ ከሆነና ማለፍ ግድ ካላችሁ ጎማው ይውጣበት። ጎማው ሲወጣ አክሰሉንም አብሮ ያነሳዋል። በመሃል ካሳለፋችሁት ግን የሚመታው ዲፈረንሻሉን ነው።

ሜትር ይዛችሁ የግቢውን በር፣ የመጋዘኑን በር፣ በመስኖ ቦዩ ላይ ያለውን ድልድይ ለኩ። ከዚያ መኪናዋን ከስፖኪዮ እስከ ስፖኪዮ ለኩ። ርዝመቷ ከ5 ሜትር በላይ ነው፣ ለመዞርም ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። የእኛ የከብቶች በር በአንድ ጎን አራት ጣት ብቻ ይተርፍ ነበር። ቋሚውን ነቅለን ራቅ አድርገን ተከልነው። ከበሩ ጋር ከመታገል ያ ይቀላል።

መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣች አዲስ ከሆነች መመሪያ መጽሐፏን አንብቡ። የቶዮታ መጽሐፎች ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ ለ800 ኪሎ ሜትር ተጎታች እንዳይጎተት፣ ለ1,000 ኪሎ ሜትር በጣም በፍጥነት እንዳይነዳ ይመክራሉ። በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ መንዳትም አይመከርም። እርሻ ላይ ደግሞ የምንነዳው በዝቅተኛ ማርሽ ነው። ስለዚህ ከተቻለ የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር ገበያና ከተማ በመመላለስ ጨርሱት።

ባዶ ሜዳ፣ ባዶ መኪና

ሁለት ቀን መድቡ። እህል የተነሳበት ደረቅና ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ምንም አትጫኑ።

የመጀመሪያው ልምምድ መዳህ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ሳትነኩ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የናፍጣ ሞተር ጉልበት አለው፣ በራሱ ይሄዳል። ከዚያ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ ላይ ሙሉ በሙሉ አንሱ። ግማሽ ረግጦ መሄድ የከተማ ሰልፍ ያስለመደን መጥፎ ጠባይ ነው። እርሻ ላይ ፍሪሲዮን በአንድ ክረምት የሚያቃጥለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ወደ ኋላ መሄድ ነው። ባዶ ጀሪካኖችን በሁለት መስመር ደርድሩ፣ በመሃላቸው ሁለት ሜትር ተኩል ተዉ። በስፖኪዮ ብቻ እያያችሁ ግቡ፣ ውጡ። አሥር ጊዜ። ይህ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጭቃ ላይ የሚያድናችሁ አንድ ችሎታ ምረጡ ብትሉኝ፣ በመጣሁበት ዱካ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መመለስን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። የመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ካለፉ በኋላ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ልቅ አፈር ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካላት ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። አትደንግጡ፣ እግራችሁንም አታንሱ። ልቅ አፈርና ጠጠር ላይ ኤቢኤስ መቆሚያ ርቀቱን ሊያረዝመው ይችላል። ምን ያህል እንደሚያረዝመው በእርምጃ ለኩና አስታውሱት። ባዶ ፒካፕ ደግሞ ኋላዋ ቀላል ነው፣ ባሌስትራውም ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ደረቅ ነው። ፒስታ ላይ በፍጥነት ስትታጠፉ ኋላዋ ሊያፈነግጥ ይችላል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ መሪ ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አትጠምጥሙ፣ ከላይ አጋድሙት። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ይዞርና ጣት ይሰብራል።

ፎር ዊሉን ከጭቃው በፊት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ጭምር። ማንሻው ወይም የሚዞረው ቁልፍ ሦስት ቦታ አለው። «ሁለት ኤች» ላይ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ የዘወትሩ ይህ ነው። «አራት ኤች» የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ያሠራል፣ ፍጥነቱን አይቀንሰውም። «አራት ኤል» ኃይል ነው። ፍጥነቱን በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይቀንስና በዚያው ልክ ጉልበት ይጨምራል።

ከሁለት ኤች ወደ አራት ኤች እየሄዳችሁም መቀየር ይቻላል፣ መሪው ቀጥ ካለና ጎማ እየተንሸራተተ ካልሆነ። እኔ ከ40 በላይ ስሄድ አልነካውም። ወደ አራት ኤል ስትሄዱ ግን ቁሙ። ፍሪሲዮን እርገጡ፣ ማርሹን ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ቀይሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እስኪረጋ ጠብቁ። አልገባ ወይም አልወጣ ካለ አትታገሉት። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ነድታችሁ እንደገና ሞክሩ።

ይህን ደረቅ አስፋልት ላይ አትለማመዱት። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። እንዲህ ባለው ፒካፕ ፎር ዊል ሲገባ ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚወስዱት የፊቱና የኋላው ካርዳን እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይውጠዋል። አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለ ጭንቀቱ ወደ ጥርሶቹ ይሄዳል። መሪው ሲከብድባችሁና መኪናዋ የታሰረች ያህል ሲሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስር የዲፈረንሻል መቆለፊያ ካላት፣ የምትነኩት አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ነው። ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ ወዲያው መቆለፊያውን ትፈታላችሁ። ተቆልፎ እያለ መኪናዋ መታጠፍ አትወድም።

ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ ፎር ዊል ለመሄድ ይረዳል፣ ለመቆም አይረዳም። ጭቃ ላይ በቀላሉ ስለተነሳችሁ በቀላሉ የምትቆሙ ይመስላችኋል። ፍሬኑ ግን ያው ነው፣ ጎማውም ያው ነው።

በጋ ላይ ፎር ዊሉን አትርሱት። ቶዮታ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል እንዲነዳ ይመክራል፣ የፊቱ ጥርሶች ዘይት እንዲያገኙ። ልቅ አፈር ባለበት የእርሻ መንገድ ላይ አድርጉት።

ጭነት

ሁለቱን ቀን ከጨረሳችሁ በኋላ ጫኑ። መጀመሪያ ሦስት ኩንታል፣ ከዚያ አምስት። ልዩነቱ እንዲሰማችሁ ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ጀሪካን፣ ያንኑ ፍሬን ድገሙት።

ሂሳቡን እንሥራ። የተፈቀደው ጭነት አንድ ቶን ነው እንበል። ብዙ ዳብል ጋቢና ከዚያም ያንሳል፣ የእናንተን መጽሐፉ ላይ እዩ። አንድ ቶን አሥር ኩንታል ነው ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ሰውም ጭነት ነው። አምስት ሰው በ70 ኪሎ 350 ኪሎ ይሆናል። ለእህሉ የቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። አሥራ አምስት ጭኖ የሚሄድ እንዳለ አውቃለሁ። ባሌስትራውን የሚቀይረውም እሱ ነው።

ከባዱን ነገር ወደ ጋቢናው አስጠጉ። ከኋላ አክሰሉ አልፎ ወደ መጨረሻው ስፖንዳ ከተከመረ ፊቷ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ መብራቱም የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። የኋላ ጎማዎችን ነፋስ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ጨምሩ።

ስለ ውሃ በርሜል ለብቻው ልናገር። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። ከሙሉው ይልቅ የሚያስቸግረው ግማሹ ነው። ፍሬን ስትይዙ ውሃው ወደ ፊት ይሮጣል፣ ስትታጠፉ ወደ ጎን ይገፋል። ወይ ሞልታችሁ፣ ወይ ባዶውን ውሰዱ።

ገለባና ድርቆሽ ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት። ከፍታው ነው ችግሩ፣ መኪናዋን ለመገልበጥ ቅርብ ያደርጋታል። ገመዱን በጥድፊያ አትሰሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ አንድ ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ቆሜ እንደገና አጠብቃለሁ፣ ሁልጊዜም ይላላል። ጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ። ቀን ሠራተኞቹ ቅር ይላቸው ነበር፣ አሁን ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን።

ቁልቁለትና ዳገት

ገደላማ ቦታ ላይ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። በአግድም መሄድ፣ በተለይ ተጭኖ፣ አደገኛ ነው። የታችኛው ጎማ የፍልፈል ጉድጓድ ወይም የእርከን ቦይ ውስጥ ከገባ ለመገልበጥ በቂ ነው።

ቁልቁለት ላይ በፎሌ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል የሚል እምነት አለ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች በማርሽ ስትወርዱና ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ናፍጣውን ያቋርጣሉ። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬናችሁም ይግላል። አራት ኤል፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ተነስቶ። ሞተሩ ራሱ ይይዛታል።

ዳገት መሃል ሞተር ቢጠፋ? ለመዞር አትሞክሩ። የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ቀስ በቀስ ቀጥ ብላችሁ በማርሹ ወደ ኋላ ውረዱ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የማይነሳ ሞተር ከሆነ አስነሱና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ፍሬኑ እስከዚያ አይለቀቅ። ይህን አነስተኛ ዳገት ላይ፣ ባዶ መኪና ይዛችሁ አምስት ጊዜ ተለማመዱት። የሚያስፈልጋችሁ ቀን ለማሰብ ጊዜ አይኖርም።

ዋልካ

ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሲርስ ጎማው ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ይሞላዋል። ያኔ ጎማችሁ የተላጨ ያህል ነው። ፎር ዊል ቢሆን አራቱም ለስላሳ ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱበት። የኔ መለኪያ ቀላል ነው። ጭቃው ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ በየእርምጃው የሚከብደኝ ከሆነ መኪናዋ አትገባም፤ አህያ ትሂድ። ዝናብ ካባራ በኋላ ግማሽ ቀን ፀሐይ ከመታው ብዙ ይቀየራል። እርሻ ውስጥ አንድ ቋሚ መንገድ ወስኑና ከእሱ አትውጡ። እርጥብ ማሳ ላይ የሄደ ጎማ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ዱካው ለሚቀጥለው ዘር ይተርፋል።

መግባት ግድ ከሆነ ፎር ዊሉን ከጭቃው በፊት አስገቡ። በአራት ኤች ሁለተኛ ማርሽ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነዳጁን እኩል ስጡ፣ መሃል ላይ ማርሽ አትቀይሩ። መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር ነዳጅ መጨመር የተፈጥሮ ስሜት ነው፣ ግን ጉድጓድ መቆፈር ነው። በተቃራኒው ነዳጁን ትንሽ ቀንሱና መሪውን ፈጠን አድርጋችሁ ግራ ቀኝ አወዛውዙ። የጎማው ጠርዝ አዲስ አፈር ይነክሳል። ካልሆነ ወዲያው ቁሙ፣ በዱካችሁ ወደ ኋላ ውጡ። የጀሪካኑ ልምምድ ለዚህ ነበር።

ባዶ ከሆናችሁ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ማውረድ በጣም ይረዳል። ጎማው ይሰፋል፣ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል። ከ15 በታች አትውረዱ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ። መንፊያ ከሌላችሁ ደግሞ አታውርዱት።

ከተያዛችሁ

ሞተር አታስጩሁ። ውረዱ። ከእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ ጭቃውን በአካፋ አውጡ፣ ሆዷም መሬት ላይ ተቀምጣ እንደሆነ እዩ። ጆንያ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገቡ። ክሪክ ካስፈለገ ሥሩ ሰፊ ጣውላ ይኑር፣ ያለዚያ መኪናዋ ሳትነሳ ክሪኩ ይቀበራል። በክሪክ በተያዘች መኪና ሥር ማንም አይግባ።

የሚገፉ ሰዎች ከጎማ ትይዩ አይቁሙ። ጆንያው ተወርውሮ ይመታል። በገመድ ስትጎተቱ ከሻሲው ጋር የተያያዘው መጎተቻ ላይ እሰሩ፣ ፓራውልት ላይ በፍጹም። ገመዱ ሲወጠር ከርዝመቱ አንድ ጊዜ ተኩል ርቃችሁ ቁሙ። ልጆች ለማየት ይሰበሰባሉ፣ አስቀድማችሁ አርቋቸው።

ጎርፍ

አጭር ነው። የምትሻገሩትን ውሃ በእግርና በዱላ ካልለካችሁት አትግቡ። ቆሞ ያለ ውሃ ከጎማው ግማሽ በላይ ከሆነ ይቅር። የሚሮጥ ውሃ ከዚያም ባነሰ ጥልቀት መኪና ይገፋል። እናንተ ዘንድ ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ደረቅ ወንዝ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ውሃ መሃል ሞተር ከጠፋ መልሳችሁ አታስነሱ። ውሃ ገብቶ ከሆነ ሞተሩን ይሰብረዋል። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ለዘብ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ያዙ፣ ይደርቃል።

የማታ አምስት ደቂቃ

አቧራ ባለበት ወቅት የነፋስ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እዩ። ስታጸዱት ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉት። ናፍጣ በጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ውሃ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። የናፍጣ ፊልትሮው የውሃ መብራት ሲበራ ውሃውን ሳታሳድሩ አስወግዱ። ከባድ ሥራ ከሠራች በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፣ አንድ ደቂቃ ትሥራ፤ ተርቦው ይቀዘቅዛል። ጎማ ከተቀየረ ብሎኖቹን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

በአጨዳ ወቅት ደረቅ ገለባ ላይ አታቁሙ። ጭስ ማውጫው የጋለ ነው። አንድ ክምር ጤፍ ለማቃጠል ብዙ አያስፈልገውም።

ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዙሩ። ጥላ ፈልጎ ከሥር የሚተኛ ውሻ አለ፣ ጥጃ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሕፃን አለ። ካሜራ ቢኖራትም ዙሩ፣ በጭቃ ተሸፍኖ ምንም አያሳይም። አህያን በጥሩንባ ለማስነሳት አትድከሙ፣ ወርዳችሁ ግፏት።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ቁልፉን ሲጠይቀኝ ጀሪካን ደርድር አልኩት። ቅር አለው፣ ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ነድቷልና። ደረደረ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ጨፈለቀ፣ በሁለተኛው አንድ። ሰኔ ከመድረሱ በፊት ገና ሦስት ሳምንት አለው።